ፒቲያ 8፦ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን በአሮጌ ላፕቶፕ

መጀመሪያ ዋጋውን ልንገራችሁ። ዜሮ ብር። ምዝገባ የለም። ኢሜል አምጡ አይልም። «የሙከራ ጊዜዎ አልቋል» ብሎ መሃል መንገድ ላይ አይጥላችሁም። ፒቲያ ይባላል፤ አሁን ያለንበት ትውልድ ስምንተኛው ነው። ኮዱም ክፍት ነው። የፈለገ ገልጦ ያነበዋል፣ ያልተስማማው ይቀይረዋል።

ሥራው ምንድን ነው? ሁለት ቅንጣቶች በከፍተኛ ጉልበት ሲላተሙ ምን ምን ሊወለድ እንደሚችል ኮምፒውተር ላይ ይፈጥራል። አንድ በአንድ፣ ግጭት በግጭት። የመጀመሪያው ግጭት ሁለተኛውን አይመስልም፤ በእውነተኛው ማሽን ውስጥም እንደዚያው ነው።

እኔ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የቅንጣት ፊዚክስ ኮርስ የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። ማፋጠኛ ማሽን የለንም፤ ሊኖረንም አይጠበቅም። ያለን ጠመኔ፣ ሰሌዳና ተማሪዎች እየተፈራረቁ የሚይዟቸው ላፕቶፖች ናቸው። ስለዚህ ይህ ግምገማ የተጻፈው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። የአውሮፓው የቅንጣት ምርምር ማዕከል ሰርን ውስጥ ተቀምጦ በሺህ የሚቆጠር ኮምፒውተር የሚያዝ ሰው ሌላ ነገር ሊላችሁ ይችላል።

ፕሮግራሙ የስዊድን ልጅ ነው። ሥሩ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጄትሴት የሚባለው ታላቅ ወንድሙ በ1978 ነው የተጀመረው። ፒቲያ ከእሱ ቀጥሎ መጣ፤ ሁለቱ በ1997 ተዋሃዱ። ያኔ ሁሉም በፎርትራን ነበር። በ2007 በሲ ፕላስ ፕላስ እንደ አዲስ ተጽፎ ስምንተኛው ወጣ። ከጅምሩ አብሮት የኖረው ሰው ቶርቢዮርን ሾስትራንድ ነው። ዛሬ የሚጠብቁት ሰዎች በተለያዩ አገሮች ተበትነዋል።

ፕሮቶን ከፕሮቶንም ያጋጫል፤ የሚታወቀውም በዚያ ነው። እኔ ግን ለማስተማር የምመርጠው ኤሌክትሮንና ፖዚትሮንን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፕሮቶን በውስጡ ኳርክ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችም፣ እነሱን የሚያጣብቀው ግሉዮንም የታጨቀበት ነገር ነው። ሁለቱን ስታጋጩ ከውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተላተመ አታውቁም፤ የተረፈውም ፍርስራሽ ሥዕሉን ያደፈርሰዋል። ኤሌክትሮን ግን እስከምናውቀው ድረስ ውስጥ የለውም። ጸረ ቅንጣቱን ፖዚትሮንን ሲያገኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። የያዙት ጉልበት በሙሉ ለአዲሱ ነገር ይተርፋል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ሁሉ አዲስ ነው፣ ከግጭቱ የተወለደ።

አወራረዱና አጫጫኑ ላይ ብዙ አልቆይም። የታመቀው ፋይል ከአንድ ፊልም በእጅጉ ያነሰ ነው። አንድ ሰው ማታ ማታ ኔትወርክ ሲሻል ያወርደዋል፣ ጠዋት በፍላሽ ይከፋፈላል። ትእዛዞቹ ሁለት ናቸው፦ ኮንፊገር፣ ከዚያ ሜክ። ሌላ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ ሳትጭኑ ይሠራል፤ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ብቻ ይኑራችሁ። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኮምፓይል ማድረጉ ጊዜ ይወስዳል። እዚያ ላይ መብራት ከጠፋና ባትሪው የደከመ ከሆነ ሜክን ድጋሚ መጥራት ነው፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ ግን ትንሽ ትለፋላችሁ። ፕሮግራሙ የሊኑክስና የማክ ሰው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ መጫን ይኖርባችኋል። ፓይተን የለመዳችሁ ደግሞ ከፓይተን ልትጠሩት ትችላላችሁ፤ ሲጫን ያንን ምርጫ ማብራት አትርሱ።

ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡ ብዙ ምሳሌዎች አሉ። ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው በ8.2 እትሞች ሜይን 06 ይባል የነበረው ነው። በአዲሶቹ እትሞች ምሳሌዎቹ ሌላ ቁጥር ስለተሰጣቸው በቁጥር ሳይሆን «ሌፕ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ሌፕ ጄኔቭ አጠገብ በሰርን ከ1989 እስከ 2000 የሠራ የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ማጋጫ ነበር። ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዛሬ ኤልኤችሲ የሚባለው የፕሮቶን ማጋጫ ያለበት ዋሻ የተቆፈረው ለእሱ ነው። አሌፍ፣ ዴልፊ፣ ኤል3 እና ኦፓል የሚባሉ አራት መመርመሪያዎች ነበሩት። አራቱ በአንድ ላይ 17 ሚሊዮን ገደማ የዚ ቦዞን (የደካማው ኃይል ተሸካሚ ቅንጣት) መበስበስ መዝግበዋል።

ምሳሌው ውስጥ የምትሰጡት መመሪያ ጥቂት መስመር ነው። የአንደኛው ጨረር መለያ 11፣ እሱ ኤሌክትሮን ነው። የሌላው ከዜሮ በታች 11፣ እሱ ፖዚትሮን ነው። የግጭቱ ጉልበት 91.188 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (በቅንጣት ዓለም ጉልበትም መጠነ ቁስም የሚለካበት አሃድ)፤ የዚ ቦዞን መጠነ ቁስ ማለት ነው። ከዚያ ዚው ወደ አምስቱ ኳርኮች ብቻ እንዲበሰብስ ይነገረዋል። ይህን ካላላችሁት እንደ ተፈጥሮ ያደርጋል፦ 70 በመቶው ወደ ኳርኮች፣ 20 በመቶው ወደ ማይታዩት ኒውትሪኖዎች፣ የቀረው ለኤሌክትሮን፣ ለሚዩዮንና ለታው እኩል ይከፈላል።

ታስነሱታላችሁ። አስር ሺህ ግጭት ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ተርሚናሉ ላይ የመጀመሪያው ግጭት ሙሉ ዝርዝር ይዘረገፋል።

እዚህ ላይ ነው ተማሪ የሚደነግጠው። ረጅም ሰንጠረዥ ነው፤ ቁጥር በቁጥር ላይ። እኔ ግን ከዚህ ሰንጠረዥ የበለጠ ጥሩ የማስተማሪያ ገጽ አላገኘሁም። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ዜሮኛው መስመር አጠቃላይ ሥርዓቱ ነው። መስመር 1 ኤሌክትሮን፣ መስመር 2 ፖዚትሮን። 3 እና 4 እነሱው ናቸው፣ ለግጭቱ ሲገቡ። መስመር 5 ላይ ዚ ቦዞን። 6 እና 7 ላይ አንድ ኳርክና ጸረ ኳርኩ። ሰባት መስመር ብቻ! መማሪያ መጽሐፉ ላይ የምናስተምረው ነገር በሙሉ እዚያ ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በፈተና የማንጠይቀው ነው።

ከታች ግሉዮኖች መውጣት ይጀምራሉ። ኳርኩ ሲሮጥ ግሉዮን ይተፋል፣ ግሉዮኑ ሌላ ግሉዮን ይተፋል። ቀጥሎ ሃድሮኖች፣ ማለትም ከኳርክ የተሠሩ ቅንጣቶች፦ ፒዮን፣ ኬዮን፣ ሮ፣ አልፎ አልፎ ፕሮቶን። ስማቸው በቅንፍ ውስጥ ያለው ሞተዋል፤ ወደ ሌላ ነገር ተቀይረዋል ማለት ነው። ቅንፍ የሌላቸው እስከ መጨረሻው የተረፉት ናቸው። ከስሙ ቀጥሎ የሁኔታ ቁጥር አለ። የሞተው ቁጥር ከዜሮ በታች ይሆናል። ሃምሳዎቹ ከግሉዮን መትፋቱ የመጡ ናቸው። 83 እና 84 በቀጥታ ከክሩ የተወለዱ ሃድሮኖች ናቸው፤ ክሩ ምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። 91 ከሌላ ቅንጣት መበስበስ የመጣ።

ከዚያ የእናትና የልጅ ዓምዶች አሉ። ይህንን እወደዋለሁ። አንድ ተማሪ ከታች አንድ ፎቶን ይመርጣል፣ መለያው 22። እናቱ መስመር ስንት ናት? ወደዚያ ይሄዳል፤ 111 ይላል፣ ገለልተኛ ፒዮን። የእሷስ እናት? ሮ ልትሆን ትችላለች። የሮዋስ? እዚህ ሲደርስ አንድ እናት አይሰጠውም። ከዚህ መስመር እስከዚያ መስመር ብሎ የኳርክና የግሉዮን ሰልፍ ይሰጠዋል። ተማሪው «ቲቸር፣ ይኼ ፕሮግራም ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ሃድሮኑ የአንድ ኳርክ ልጅ አይደለም፤ የመላው ክር ልጅ ነው። ፕሮግራሙ የማይታወቀውን እንደሚታወቅ አድርጎ አልዋሸም።

የሰንጠረዡ የመጨረሻ መስመር ደግሞ ድምር ነው። የቻርጅ ድምር ዜሮ። የሞመንተም ድምር በሦስቱም አቅጣጫ ዜሮ። የጉልበት ድምር 91.188። ስንት አስር ነገር ከተወለደና ከሞተ በኋላ ሂሳቡ ሳይጎድል ቁጭ ብሏል። የጥበቃ ሕጎችን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ስንሸመድድ ኖረን እዚያ መስመር ላይ ሲያዩት የብዙዎቹ ፊት ይቀየራል።

ከክፍል የማይጠፋ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ የገቡት ሁለት ናቸው። ይሄ ሁሉ ከየት ወጣ? ኤሌክትሮኑ ውስጥ ነበር እንዴ?» አልነበረም። የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ በግማሽ ሺኛ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። የፒዮን 0.14 ነው። አንዱ ፒዮን ብቻ ሁለቱን ኤሌክትሮኖች ደርቦ ይበልጣቸዋል። የተቀየረው ጉልበቱ ነው። ይህን በቃል መናገርና ዝርዝሩን እያሳዩ መናገር ለየቅል ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ፦ የሚሰጠው መልስ ልክ ነው ወይ?

ለዚያ ቁጥር አለን። ሌፕ ላይ፣ በዚ ቦዞን ጉልበት፣ ወደ ኳርክ ከሚሄድ አንድ ግጭት በአማካይ 21 ገደማ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ይወጣሉ። ከእነዚህ 17ቱ ፒዮኖች ናቸው። ቻርጅ ያላቸው ኬዮኖች ከ2 ትንሽ ይበልጣሉ። ፕሮቶንና ጸረ ፕሮቶን ተደምረው 1 ገደማ። ፒቲያን አስነስታችሁ ስትቆጥሩ እዚያው አካባቢ ታገኛላችሁ። ጉልበቱንም ልትቀያይሩ ትችላላችሁ። ሃምቡርግ በነበረው በፔትራ ማጋጫ የታሶ ቡድን በ14 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት 9 ገደማ ቆጥሯል፣ በ35 ደግሞ 13.6 ገደማ። ሌፕ ወደ መጨረሻው 200 ሲደርስ 27 አካባቢ ነበር። ልብ በሉ፤ ከ14 ወደ 200 ጉልበቱ ከአስራ አራት እጥፍ በላይ አድጎ የቅንጣቶቹ ብዛት ሦስት እጥፍ ብቻ ነው የሆነው። ጉልበቱ ሁሉ ቅንጣት ለማብዛት አይውልም፤ አብዛኛው ቅንጣቶቹን ለማሯሯጥ ይሄዳል። ይህንን ተማሪዎቼ ራሳቸው አራት ጉልበት መርጠው፣ ነጥቡን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ያገኙታል። ከማንኛውም ስላይድ ይሻላል።

ክሩን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የፒቲያ ነፍስ እሱ ነው፤ የሉንድ የክር ሞዴል ይሉታል። ቦ አንደርሶን፣ ዮስታ ጉስታፍሶንና ባልደረቦቻቸው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገነቡት ነው። ኳርኩና ጸረ ኳርኩ ሲራራቁ በመካከላቸው ያለው የኃይል መስክ እንደ ኤሌክትሪክ መስክ አይበተንም። ቀጭን ክር ሆኖ ይጠባል። ክሩን በአንድ ፌምቶ ሜትር ለማስረዘም አንድ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያስከፍላል። ሲረዝም ሲረዝም ይበጠሳል፤ በተበጠሰበት ቦታ አዲስ ኳርክና ጸረ ኳርክ ይወለዳሉ። ቁርጥራጮቹ ሃድሮን ይሆናሉ። ኳርክን ለብቻው ማንም አይቶት የማያውቀው ለዚህ ነው።

ይህ ሞዴል እንዲሁ ደስ የሚል ተረት ብቻ አይደለም። ግሉዮን በ1979 በፔትራ ላይ በሦስት ጄት ግጭቶች ታየ፤ ጄት ማለት ወደ አንድ አቅጣጫ አብሮ የሚነጉድ የቅንጣት መንጋ ነው። በሉንድ ሞዴል ክሩ ከኳርኩ ተነስቶ በግሉዮኑ በኩል ዞሮ ነው ጸረ ኳርኩ ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ በኳርኩና በጸረ ኳርኩ መሃል በቀጥታ የተዘረጋ ክር የለም፤ እዚያ ጥቂት ቅንጣት ብቻ መታየት አለበት። ጄድ የሚባለው ቡድን በ1980 ሲፈትሸው እውነትም ያ ቦታ ሳስቶ ተገኘ። ሰዎች ሞዴሉን ማመን የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ፒቲያ ላይ ይህንን ክፍል ማጥፋት ይቻላል። የሃድሮን ደረጃውን አጥፉት፤ ዝርዝሩ ኳርክና ግሉዮን ላይ ይቆማል፣ ፒዮን የሚባል አይኖርም። የግሉዮን መትፋቱንም አጥፉት፤ ሁለት ኳርክ ብቻ ጀርባ ለጀርባ ይሮጣሉ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሳችሁ አብሩ። በየደረጃው ምን እንደተጨመረ ታያላችሁ። ይህን የሚፈቅድላችሁ እውነተኛ ማሽን የለም። ተፈጥሮ ማብሪያ ማጥፊያ የላትም።

እሺ፣ ምስጋናው ይብቃ። ቅሬታዬን ላምጣ፤ ዋናው ነገርም እሱ ነው።

ፒቲያ ከሌፕ መረጃ ጋር ይስማማል ስትባሉ ቶሎ አትደነቁ። በሌፕ መረጃ ነው የተቃኘው። ውስጡ ከንድፈ ሐሳብ ያልተሰሉ፣ በልክ የተቀመጡ ቁጥሮች አሉ። አሁን ሳትነኩት የምታገኙት ቅኝት ሞናሽ 2013 ይባላል። እዚያ ውስጥ ክሩ ሲበጠስ ስትሬንጅ የሚባለው ኳርክ (ኬዮን ውስጥ ያለው) የመወለድ ዕድሉ ከቀላሎቹ ኳርኮች፣ ከአፕ ወይም ከዳውን፣ አንጻር 0.217 ተብሎ ተቀምጧል። ለምን 0.217? ኬዮኖቹና ዘመዶቻቸው ከመረጃው ጋር እንዲስማሙ። በአንድ ኳርክ ፈንታ ሁለት ኳርክ ተጣምሮ የመወለድ ዕድሉ 0.081። ለምን? ፕሮቶንና መሰሎቹ እንዲስማሙ። ግሉዮን መትፋቱን የሚወስነው የጠንካራው ኃይል መጠን ደግሞ 0.1365 ነው። የዓለም አማካይ 0.118 ገደማ ነው! ይህ ስህተት አይደለም። የግሉዮን አተፋፉ ስሌት ግምታዊ ስለሆነ የጎደለውን በዚያ ቁጥር ይሞሉታል። ግን ማወቅ አለባችሁ። ከዚህ ፕሮግራም የኬዮን ብዛት ቆጥሮ «ይኸው ቲዎሪው ተረጋገጠ» የሚል ጽሑፍ ያመጣ ተማሪ፣ ልብስ ሰፊው በልኩ የሰፋለትን ኮት ለብሶ ትከሻው ልክ መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ሰው ነው።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው? አለው። በአንድ ጉልበት የተቃኘው ቁጥር በሌላ ጉልበት፣ በሌላ ማሽን ላይ ሳይነካ መሥራቱ ፈተና ነው። አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። የወደቀበትን ልንገራችሁ። በ2017 የኤልኤችሲው አሊስ ቡድን ፕሮቶን ከፕሮቶን ሲጋጭ ብዙ ቅንጣት በሚወጣባቸው ግጭቶች የስትሬንጅ ቅንጣቶች ድርሻ እያደገ እንደሚሄድ አሳተመ። በሌፕ የተቃኘው ተራ ክር ያንን አይሰጥም። የሉንድ ሰዎች ክሮች ሲደራረቡ ገመድ ይሆናሉ በሚል ሐሳብ መልስ ሞክረዋል፤ በአዲሶቹ እትሞች ውስጥ እንደ ምርጫ ተቀምጧል። እኔ ክፍል ውስጥ ከስኬቱ ይልቅ ይህንን ውድቀት ማስተማር ይቀለኛል።

ለዚህ የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ነው። ያንን 0.217 ወደ 1 ቀይሩት፣ ኬዮኑን ቁጠሩ፣ ከሌፕ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ኬዮን በኬዮን ይሆናል። ፒዮኑም ይቀንሳል፤ ጉልበቱ አንድ ነውና። ቁጥሩን የነካ ሰው ከዚያ በኋላ የፒቲያን ውጤት «መረጃ» ብሎ አይጠራም።

ሌሎች ቅሬታዎች ትናንሽ ናቸው። ሂስቶግራሙን ተርሚናል ላይ በፊደል ይስላል፤ ኤክስ በኤክስ ላይ እየደረበ። በ2007 ያምር ይሆናል። ለሪፖርት ከፈለጋችሁ ወደ ፋይል አውጥታችሁ በፓይተን ሳሉት። የግጭት ዕድሉን በሚሊ ባርን ነው የሚጽፈው፤ አንድ ሚሊ ባርን አንድ ሚሊዮን ናኖ ባርን ነው። ሌፕ ላይ የጫፉ ዋጋ ኤሌክትሮኖቹ ከግጭቱ በፊት በፎቶን የሚያጡት ጉልበት ታርሞለት 41.5 ናኖ ባርን ነው፤ ፒቲያ ላይ በጣም ጥቃቅን ቁጥር ይሆንባችኋል። አሃዱን ሳታዩ አትጻፉ። ከ10 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለ ግጭት ደግሞ አይቀበልም። የቻርም ኳርክ መንደር የሆነውን የ3 እና የ4 ጉልበት አካባቢ የሚያጠና ሰው ሌላ መሣሪያ ይፈልግ።

ሌላው፣ መመርመሪያ የለውም። የሚያሳያችሁ የሆነውን ነው፣ የታየውን አይደለም። ኒውትሪኖው ከነሞመንተሙ በዝርዝሩ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። እውነተኛ መመርመሪያ ላይ ኒውትሪኖ የሚታወቀው በጎደለው ጉልበት ነው። እንደ መመርመሪያ የሚያደበዝዝላችሁ ዴልፌስ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ግን እሱን ለመጨመር ከሁለት ትእዛዝ በላይ ያስፈልጋል።

ተፎካካሪዎች አሉ። ሄርዊግ ክር ሳይሆን ዘለላ በሚባል ሌላ ሞዴል ነው ሃድሮን የሚሠራው። ሼርፓም አለ። ምርምር የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱንም ጫኑና አወዳድሩ፤ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ማንም ሰው በደንብ ያልገባው ነገር አለ ማለት ነው። ለክፍል ግን ሄርዊግን ለመጫን የሚፈጀው ልፋት አያዋጣኝም።

መመሪያ መጽሐፉን ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይወርዳል። በብራውዘር ይከፈታል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ከስንት እስከ ስንት መሆን እንደሚችል፣ ለምን እንደተመረጠ ተጽፏል። አንዳንድ ቦታ ደራሲዎቹ «ይህ ክፍል ገና ነው» ብለው በግልጽ ይጽፋሉ። ኔትወርክ በሌለበት ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ ብር የሚሸጡ ሶፍትዌሮች እኮ የእርዳታ ቁልፋቸውን ስትጫኑት ኢንተርኔት አምጡ ነው የሚሉት።

ከአምስት ስንት? ለማስተማር አምስት። ለምርምር አራት፣ እሱም ቅኝቱን ለሚያውቅ ሰው። ሲ ፕላስ ፕላስም ፓይተንም ነክቶ ለማያውቅ ሰው ሦስት፤ የሚጫን ቁልፍ፣ የሚያምር መስኮት የለውም። ቅንጣቶቹ በቀለም ሲበሩ ማየት ብቻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ።

ጃፓን ያለው ቤል 2 የኳርክ ጄቶቹን ለመሥራት ይጠቀምበታል። ሰርን ላቀደው 91 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ላለው የወደፊት የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ማጋጫ የሚደረጉ ጥናቶችም ይጠቀሙበታል። እናንተም ዛሬ ማታ ጉልበቱን 240 አድርጋችሁ፣ ሂግስ ከዚ ጋር የሚወለድበትን መስመር አብርታችሁ ገና ያልተሠራ ማሽን ላይ መሥራት ትችላላችሁ።

አስተማሪ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ፒቲያ ዕድልን የሚጥለው ከአንድ መነሻ ቁጥር ነው። ካልነካችሁት 19780503 ነው። ስለዚህ ያው እትም በተጫነበት ክፍል የሁሉም ተማሪ የመጀመሪያ ግጭት አንድ ዓይነት ይሆናል። ለማስረዳት ግሩም ነው፤ «መስመር 40ን እዩ» ስትሉ ሁሉም ያንኑ ያያል። ለቤት ሥራ ግን መነሻ ቁጥሩን እያንዳንዱ በመታወቂያ ቁጥሩ እንዲቀይር አድርጉ። ከዚያ የሁለት ልጆች ውጤት እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ሆኖ ከመጣ፣ ማን ከማን እንደቀዳ መጠየቅ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።